የማይነካው የአፈር ክምር

የሜልበርን ከተማ፣ የሴንት አልባንስ ሰፈሩ ብርሀነ ሥራው መሬት ማጠንከር ነው። ረግረግ ተደፍኖ ቤት ሊሠራበት ሲታሰብ ቀድሞ የሚጠራው የእሱ ድርጅት ነው። ሠርግ ላይ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስለ ጭቃ ሳይሰማ አይነሳም።

እድሩ ከሰንሻይን ሰፈር ወዲያ የአዳራሽ ቦታ ሲገዛ፣ "ይሄ ኩሬ የነበረ ሙሌት ነው፤ ሳይጠነክር አይሠራበትም" ያለው እሱ ነው። መሐንዲሱም ተስማማ። ውሃ የሚያወጡ ረጃጅም የፕላስቲክ ጥብጣቦች ወደ ጭቃው ተሰኩ፤ በላዩ የሁለት ሰው ቁመት የሚያህል አፈር ተከመረ። ክምሩ ይጫናል፣ ውሃው ይጨመቃል፣ መሬቱ ሰርጎ ይጠብቃል። የቀረው ስድስት ወር መጠበቅ ነው። ብርሀነ ቅዳሜ ቅዳሜ መሬቱ ምን ያህል እንደሰረገ በመነጽር ይለካል።

በአራተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ሲደርስ፣ ሰዉ አካፋ ይዞ ክምሩ ላይ ወጥቷል። አንዱ ጥግ ተንዶ ተጎታች መኪና ላይ ተጭኗል። የእድሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ማንተግቦሽ ወገባቸውን አስረው ያዛሉ።

"ደቦ ጠራንልህ! ይሄ አፈር እስከ መቼ እዚህ ይተኛል?"

"ኧረ በማርያም፣ እትዬ፣ ያስቁሙልኝ! ከሁላችን በላይ እየሠራ ያለው እሱ ነው።"

"ተኝቶ?"

"አዎ፣ ተኝቶ።"

"እንደ ባሌ በለኛ!"

ሰዉ ሳቀ። ብርሀነ ግን አልሳቀም። ክብደቱ ዛሬ ከተነሳ የመሬቱ መጥበቅ በግማሽ ይቀራል፤ አዳራሹም ነገ ለቀስተኛ እንደተቀመጠበት ግድግዳው ይሰነጠቃል። የእትዬን እጅ ይዞ ወደ መለኪያው መነጽር ወሰዳቸው።

"ያ ዘንግ ከክምሩ ሥር መሬቱ ላይ ነው የቆመው። ቀዩ ምልክት መጀመሪያ መነጽሩ ውስጥ ካለው መስመር ጋር እኩል ነበር። አሁንስ?"

እትዬ ማንተግቦሽ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። "ስንዝር ተኩል ወርዷል!" ቀና አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው። በሉ፣ ልቀሙ!"

የተጫነው አፈር እስከ ምሳ ሰዓት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ቅዳሜ አይቀሩም። አይተው፣ "ስንት?" ይላሉ። "ሁለት ሚሊሜትር" ሲላቸው፣ ስልክ ለደወለ ሁሉ፣ "ገና ነው፣ አትጨቅጭቁን" ብለው ይመልሳሉ።

በሰባተኛው ወር ምልክቱ አራት ቅዳሜ ሙሉ አልተነቃነቀም። መሐንዲሱ ፈረመ። ብርሀነ እየሳቀ ደወለ።

"እትዬ፣ አሁን ደቦውን ይጥሩ።"

"ለማንሳት ነው ለመመለስ? ቁርጡን ንገረኝ!"