«አሴዬ ቩ፣ ሙሴ!»

የአቦከር ሰፈሯ ለተማርያም ዝምተኛ ነበረች፤ ዝምተኛ ሲናገር ግን ወዮለት ለሰሚው! ፈረንሳይኛዋን ከካቶሊክ ሚስዮን ሲስተሮች ነው የተማረችው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ሐረር ከተማ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ፈረንሳዊው የቋንቋ መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ክፍሉን ለሙከራ ተረከበች። ዳይሬክተሩ አቶ ጌታቸው ግን ከመጀመሪያው አልተዋጠላቸውም።

«ሐበሻ ፈረንሳይኛ ሲያስተምር የት ታይቷል? የትምህርት ተቆጣጣሪው መጥተው ካልወደዱሽ ከድሬዳዋ ፈረንጅ አስመጣለሁ» አሏት። ወይ ንቀት!

እሷም እልህ ያዛት። የጀጎሉንም የአቦከሩንም ልጅ ሰብስባ ታስጠናለች፤ «ቦንዡር» ደህና አደሩ፣ «አሴዬ ቩ» ይቀመጡ፣ «ሙሴ» ጌታዬ፣ ለስብሰባ ደግሞ «ዠ ደማንድ ላ ፓሮል»፣ የመናገር ፈቃድ ይሰጠኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ራሷ በመምህራን ስብሰባ ላይ ብላት አታውቅም፤ ጥግ ይዛ ማዳመጥ ነበር ልማዷ።

ተቆጣጣሪው መጡ፤ ጸጉራቸው የነጣ ፈረንሳዊ ሽማግሌ። ልጆቹ ብድግ አሉ። በፈረንጅ ደንብ እንግዳው «ተቀመጡ» እስኪሏቸው መጠበቅ ነበረባቸው። የሐረር ልጅ ግን ሽማግሌ ቆሞ እያየ ዝም ይላል እንዴ? ፊት የምትቀመጠው ዘቢባ ወንበሯን ለቃ «አሴዬ ቩ፣ ሙሴ!» ስትል ክፍሉ በሙሉ ተቀበላት። ሰውየው በእጃቸው «ኧረ ተቀመጡ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው! እሳቸው እስኪቀመጡ ድረስ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። በር ላይ የነበሩት አቶ ጌታቸው ፊታቸው ከሰል መሰለ።

ከሰዓት በኋላ በመምህራኑ ስብሰባ አቶ ጌታቸው ተነሥተው ተቆጣጣሪውን ይቅርታ ጠየቁ። «ልጆቹ ተቀመጥ ብለው እንግዳ የሚያዙ ባለጌዎች ናቸው፤ ጥፋቱ የመምህሯ ነው» ብለው ተቀመጡ። የለተማርያም ደም ፈላ። እሷን ቢሰድቡ ትችለው ነበር፤ ልጆቿን ግን! እጇን አወጣች።

«ዠ ደማንድ ላ ፓሮል።»

ከጥጓ ተነሥታ በፈረንሳይኛ ቀጠለች። «እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቆሞ ልጅ አይቀመጥም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ለታላቁ ይነሣል። ቃሉን እኔ አስተማርኳቸው፤ አክብሮቱን ግን ከየቤታቸው ይዘው መጡ።»

እሰይ፣ የእኛ አንበሳ!

ሽማግሌው ብድግ አሉ። የራሳቸውን ወንበር ወደ እሷ ስበው «አሴዬ ቩ፣ ማዳም» አሏት። ወደ አቶ ጌታቸው ዞረውም «ከድሬዳዋ ማንንም አያስመጡ፤ መምህር አለችዎት» አሉ።

ለተማርያም ግን ሽማግሌው ቆመው እንዴት ብላ ትቀመጥ? አልተቀመጠችም። እሳቸውም አልተቀመጡም። አቶ ጌታቸውን ወንበራቸው ቆረቆራቸው መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ተነሡላት።