ለሦስተኛ ዓመት አንድ ወረቀት፦ ከኮልፌ ወሊሶ ደርሶ መልስ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፤ ኮልፌ

ከቤት ስወጣ ጉሙ ከቆርቆሮው ጣራ ገና አልተነሣም። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ጎረቤቴ እትዬ ሩቅያ ፋኖስ ይዘው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጄን ማታ እሳቸው ቤት አስተኝቻታለሁ።

«ዛሬውኑ ትመለሻለሽ?»

«ነገ ነው እትዬ። ልጄን አደራ።»

«ልጅቷን ተያት። ያቺ ሴትዮ እምቢ ካለችሽ ደጇ ላይ ተቀመጪባት። ሰው ሲያያት ማፈሯ አይቀርም።»

ባለቤቴ ታፈሰ ከሞተ ወዲህ ከሰፈር ወጥቼ አላውቅም። ስለዚህ የጉዞዬን ምክንያት አስቀድሜ ላስረዳ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት የነርስ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ ያገባች ሴት መማር አትችልም ነበር። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ታፈሰን በድብቅ አገባሁ፤ ሲታወቅ ትምህርቴ እዚያ ላይ ቀረ። ታፈሰ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር። ቁስል ያጥባል፣ ፋሻ ያስራል፣ መርፌ ይወጋል። መስከረም በባተ ቁጥር ለመንግሥት ማመልከቻ ይጽፍ ነበር። ያገቡ ሴቶች ትምህርታቸውን ይጨርሱ፣ ድሬሰሮችም ተፈትነው ወደ ነርስነት የሚያድጉበት መንገድ ይከፈትላቸው ይላል። እኔ በሁለት ቅጂ እገለብጥለታለሁ። መልስ አግኝቶ አያውቅም። ሚያዝያ ላይ ሞተ። በአምስተኛው ወር አዲሱ ደንብ በሬዲዮ ተነገረ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ሰማሁት፤ ቢላዋውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ደንቡ እንዲህ ይላል። በማግባቷ ከትምህርት ቤት የወጣች ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ ከቤቷ እየተመላለሰችም ትማራለች። በራሷ ፈቃድ የለቀቀች ግን እንደ አዲስ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች፤ አዳሪም ትሆናለች። የእኔ መዝገብ ላይ «በፈቃዷ ለቀቀች» ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት የያኔዋ ኃላፊያችን ሲስተር ጽጌ ናቸው። አሁን ወሊሶ ሐኪም ቤት ነርሶችን ያስተምራሉ። እውነቱን የሚናገር ወረቀት ጽፈውልኝ እስከ ዓርብ ካላቀረብኩ ሦስተኛ ዓመቴ ቀረ ማለት ነው። ልጄን ትቼ ሦስት ዓመት አዳሪ መሆን ደግሞ አልችልም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ አውቶቡስ ተራ

የጫኞች ጩኸት፣ የዶሮ ቅርጫት፣ የናፍጣ ሽታ። ጣራው ላይ ፍራሽና የውኃ በርሜል ይጫናል። ከሾፌሩ ኋላ ቦታ አገኘሁ። ሾፌሩ ሽበታም ነው፤ ጥቁር ልብሴን በመስታወቱ አየና አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ለቅሶ ነው የሚሄዱት፣ እሜቴ?»

«አይደለም። ለትምህርት ጉዳይ ነው።»

«ልጅዎ ወሊሶ ይማራል?»

«የምማረው እኔ ነኝ።»

ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ «ታዲያ መኪናዬን ቀስ አድርጌ ልንዳ፤ አስተማሪዎቼ ሁሉ እንደተቆጡኝ ነው የሞቱት» አለ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ከሚያዝያ ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሦስት ሰዓት ገደማ፤ ከሰበታ ወደ ተፍኪ

ከሰበታ ወዲያ ሜዳው ይከፈታል። ክረምቱ የተወው ውኃ እዚህም እዚያም ተኝቷል፤ ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ጤፉ ወገብ ድረስ ደርሶ ወደ ቢጫ እያደላ ነው። ሴቶች ትኩስ የበቆሎ እሸት በቅጠል ጠቅልለው ወደ መስኮቱ ያነሣሉ፤ ሁለት በአሥር ሳንቲም። ይህን መንገድ ከታፈሰ ጋር እናቱን ለመጠየቅ መጥተንበታል። መስኮት ዳር ያስቀምጠኝና በእኔ ላይ ተንጠልጥሎ እሱ ነው የሚያየው።

መስኮቱን ስዘጋ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ያደረገው ነገር ትዝ አለኝ። በድብቅ ያገባን አራት ነበርን። እሑድ የጥየቃ ሰዓት ነው። የሌሎቹ ባሎች ዘበኛው «ማንን ነው?» ሲላቸው «እህቴን» እያሉ ይገባሉ። ታፈሰንም እንዲሁ በል ብዬ ለምኜዋለሁ። መጣ። ሸሚዙን ተኩሷል፣ ብርቱካን ይዟል። ዘበኛው ጠየቀው። ሲስተር ጽጌም በዚያው ያልፉ ነበር።

«ባለቤቴን ልጠይቅ ነው» አለ።

በማግስቱ ቆቤን አስረከብኩ። እቤት ስገባ አላናገርኩትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን «አፌ እምቢ አለኝ፣ ባዩሽ» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት፤ ወሊሶ

ወሊሶ ከአዲስ አበባ ትሞቃለች። ዋናው መንገድ ዳር ባሕር ዛፍ፣ ጠጅ ቤቶች፣ የጋሪ ፈረሶች። ሐኪም ቤቱ በነጭ ኖራ የተቀባ ረጅም ቤት ነው። ሲስተር ጽጌን በቢሯቸው አገኘኋቸው። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ ከጀርባቸው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ሰዓታቸው እንደ ድሮው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ወዲያው አወቁኝ።

«ባዩሽ! የአልጋ አንሶላ እንደ አንቺ የሚያጥፍ እስካሁን አላስተማርኩም።» ከዚያ ልብሴን አዩ። «ማን ሞተብሽ?»

«ታፈሰ።»

«ያ ብርቱካን የያዘው ልጅ?»

ተነሥተው አቀፉኝ። የሳሙናና የአልኮል ሽታቸው የሃያ ዓመት ልጅ አደረገኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው ግን ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«‹ተባረረች› ተብሎ ከሚጻፍብሽ ብዬ እኮ ነው። ላንቺ አስቤ ነው።»

«አውቃለሁ ሲስተር። አሁን ግን በሩን የዘጋብኝ ያ ቃል ነው።»

«ለመንግሥት የሐሰት መዝገብ ጽፌያለሁ ብዬ ልፈርም? ለጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ።» ብዕራቸውን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። «ስሚኝ። እኔ ዘንድ አንደኛ ዓመት ግቢ። ልጅሽን ከከተማው ቤተሰብ ፈልጌ አስጠጋልሻለሁ። ቅጹ ላይ ‹ያላገባች› ብለሽ ሙዪ፤ አሮጌው መዝገብ አይነሣም፣ ማንም አይጠይቅሽም። ዛሬ ባል የለሽም፤ ምን ውሸት አለው?»

እውነቱን ለመናገር አሰብኩበት። ልጄ በእግር የምደርስባት ቦታ ትሆናለች፣ እኔ ቆብ አደርጋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ከዚያ አፌ እምቢ አለኝ።

«ሲስተር፣ ያን ቀን እህቴ ናት ቢል ኖሮ ዛሬ የአሥር ዓመት ነርስ ነበርኩ። አላለም። እኔ አሁን ከሞተ በኋላ አላገባሁትም ልበል?»

ብዕራቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። በኮሪደሩ አንድ ሰው ያስላል። «ነገ ጠዋት ነይ» አሉ በመጨረሻ፤ «እሺ ማለቴ ግን አይደለም።»

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤ ወሊሶ

ያደርኩበት ቤርጎ አንሶላው ንጹሕ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልነበረውም። ሐኪም ቤቱ ስደርስ ሲስተር ጽጌ በሴቶች ክፍል ተማሪዎቻቸውን አሰልፈው ጣታቸውን ያያሉ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ አንዷን።

«የቃል ኪዳን ቀለበቴ ነው ሲስተር። ረስቼው ነው።»

«ሥራ ላይ ቀለበት ጀርም ይይዛል። አውልቀሽ ኪስሽ አስቀምጪ፤ ማታ ታደርጊዋለሽ።»

ልጅቷ «እሺ» ብላ አወለቀች። አልፈራችም፤ ፊቷም አልተለወጠም። እኔ ቆሜ አየኋት። ሲስተር ጽጌም እኔን አዩ። ከዚያ ተማሪዎቹን አሰናብተው ከጋዋናቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ማታ ጽፈውታል፤ ማኅተምም አለበት።

«ባዩሽ ሁለተኛ ዓመቷን በጥሩ ውጤት የጨረሰች ተማሪዬ ነበረች» ይላል። «ያስወጣኋት በማግባቷ ነው እንጂ በፈቃዷ አልለቀቀችም። ‹በፈቃዷ› ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እውነትም አልነበረም።»

«ጡረታዎስ ሲስተር?»

«የእኔን ለእኔ ተይልኝ። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይወጣል። እንባሽንም ጥረጊ፤ ታማሚዎቹ የሞተ ሰው ያለ ይመስላቸዋል።»

ዓርብ፣ ስድስት ሰዓት፤ አዲስ አበባ

የትምህርት ቤቱ ሹም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። መዝገቡን አስመጣ፤ አሮጌውን ቃል በቀይ ቀለም ሰረዘና ከአጠገቡ ፈረመ። ቅጹን ራሴ ሞላሁ። ያገባች ወይስ ያላገባች ከሚለው አጠገብ «አግብቻለሁ፤ ባለቤቴ ሞቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ስለጠበበኝ ወደ ዳር ወጥቼ ነው የጨረስኩት።

«ከሰኞ ጀምሮ፣ ሦስተኛ ዓመት» አለኝ ሹሙ።

ወደ ኮልፌ የምሄደው በጋሪ ነው። ነገሩን ለሰው መናገር አማረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ማንኛውንም ወሬ መጀመሪያ የምነግረው ለአንድ ሰው ነበር። አሁን ከፊቴ ያለው ባለጋሪው ብቻ ነው፤ ጀርባውን አየሁና «የነርስ ትምህርት ሦስተኛ ዓመት ገባሁ» አልኩት።

ፈረሱን ሳያቆም ዞር አለ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ባለቤትዎ ምን አሉ?»

ዳገቱን እየወጣን ነው፤ ፈረሱ ያለከልካል።

«ጨርሺው ብሎኛል» አልኩት።