በእሷ አማርኛ

ድሮ መጨረሻው ላይ ሰው የማይሞትበት ልብ ወለድ አይጥመኝም ነበር። ቆንጆዋ ልጅ ታማ ትተኛለች፣ ፍቅረኛዋ ከሩቅ አገር ይደርሳል፣ እጇን እንደያዘ አንድ ነገር ተናግራ ታሸልባለች። እኔም መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ እንባዬ እስኪደርቅ አለቅሳለሁ። ካላስለቀሰኝ አነበብኩት አልልም ነበር። አባቴ እንዲህ ሆኜ ሲያገኘኝ፣ «ምነው አንች፣ የማታውቂው ሰው ሞቶ ነው ይሄ ሁሉ?» ይለኛል። እሱ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ሲመጣ ሰዎቹን በየመንገዱ እየቀበረ ነው የመጣው። ስለነሱ ሲያወራ ግን አንድም ቀን ሲያለቅስ አላየሁትም።

ያደግኩት ከአሶሳ ወጣ ብለው ካሉት፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። ወደ ከተማ በሄድን ቁጥር ቀለሙ ያልደረቀ የቢሮ ታፔላ እናያለን፤ ትናንት የእህል መጋዘን የነበረው ዛሬ መምሪያ ሆኖ ይጠብቀናል። መጽሐፍ ቤት የሚባል ግን አልነበረም። የነበረው መናኸሪያው አጠገብ ሸራ ዘርግቶ የፀሐይ መነጽር፣ ቀበቶና ያገለገሉ ልብ ወለዶች የሚሸጥ ሰውዬ ነው። መጽሐፎቹ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የሚመጡ፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ አንዳንዴም የመጨረሻ ገጾቻቸው የጎደሉ ነበሩ። የጎደለውን እኔ ራሴ ልጅቷን ገድዬ እጨርሰዋለሁ።

ጓደኛዬን ያገኘኋት እዚያ ሸራ ዳር ነው። እኔ ያን ጊዜ አንድ ቢሮ በጸሐፊነት ተቀጥሬያለሁ። እሷ ደግሞ የበርታ ልጅ ናት፤ ከከተማው ዳር ባለ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ክፍል ሕፃናትን በራሳቸው በበርታ ቋንቋ ታስተምራለች። አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንስቼ ሳገላብጥ ከኋላዬ፣ «አንተ ቶሎ አንብብና ለኔ ስጥ» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ወንድ ያለ መስሎኝ ዞር ዞር አልኩ። እኔን ነበር የምትለው። ስትቸኩል ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የምትለው።

ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። መጽሐፉን ወስጄ በሳምንቱ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ ሰጠኋት።

«በእናንተ ቋንቋ የተጻፈ የለም?» አልኳት።

«ለልጆች ፊደል መማሪያ አለ። ትልቅ ሰው የሚያነበው ታሪክ የለም። ስለዚህ በአማርኛ አነባለሁ፤ ቀስ እያልኩ።»

እውነትም ቀስ እያለች ነው የምታነበው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። አንዱን ገጽ ሁለቴ ትሄድበታለች። እኔ በሁለት ቀን የምጨርሰውን እሷ ወር ትቆይበታለች፤ ስትጨርሰው ግን እኔ ያላየሁትን ሁሉ ታወራልኛለች። ምርጫችን ጨርሶ አይገናኝም። እሷ የምትወደው ሰዎች እየተጣሉ፣ እየታረቁ፣ ወጥ እየሠሩ፣ ልጅ እየዳሩ የሚኖሩበትን ረጅም ታሪክ ነው። የኔዎቹን ልጃገረዶች አትወዳቸውም። «ወላሂ፣ ይሄ ጸሐፊ ሰነፍ ነው» ትላለች፤ «ልጅቷን ምን እንደሚያደርጋት ሲጠፋው ገደላት።» ለዚህ ስንከራከር ስንት ከሰዓት በኋላ አለፈ። አባቷ የማሽላ ገበሬ ናቸው፤ መጽሐፍ ሁሉ ለሳቸው ኪታብ፣ የሃይማኖት መጽሐፍ ነው። ስንከራከር ሲሰሙን ስለ ሃይማኖት የምንወያይ መስሏቸው ደስ ይላቸዋል።

ብሎጉን ያገኘሁት ቢሮዬ ኢንተርኔት የገባ ሰሞን ነው። ሁሉም ለምሳ ሲወጣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እቀራለሁ። ብዙዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ አንባቢዎች ያነበቡትን መጽሐፍ እያነሱ የወደዱትንና የጠሉትን የሚጽፉበት ገጽ ነበር። ከሥር ሌሎች ይመልሱላቸዋል፣ ይነታረካሉ፣ መጽሐፍ ይዋዋሳሉ። እንደኔ ያለ ሰው በሌላ ቦታ መኖሩን ያወቅኩት ያኔ ነው። ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ከቆየሁ በኋላ ስለ አንድ አሳዛኝ ልብ ወለድ ጽፌ ላክሁ። የብሎጉ ባለቤት፣ በጨዋ ቋንቋ የሚጽፍ ጎልማሳ፣ በማግስቱ አወጣው። ከሥሩ የመጣው የመጀመሪያ አስተያየት፣ «ከአሶሳ? ግድቡን ከቤትሽ ታይዋለሽ?» የሚል ነበር። ግድቡ ያለው ጉባ ነው፤ እኔ አይቼው አላውቅም። ሌላው ደግሞ «እዚያ መጽሐፍ ይገባል እንዴ?» አለ። ቢሆንም ደስ አለኝ። ስሜ ባይኖርበትም ከተማዬ እዚያ ተጽፎ ነበር።

ለጓደኛዬ አሳየኋት። ሁሉንም በዝግታ አንብባ ስትጨርስ፣ «እኔም እጽፋለሁ» አለችኝ።

የጻፈችው ስለዚያው እኔ ስላደነቅኩት መጽሐፍ ነበር። «ይሄ መጽሐፍ ልጅቷን ገደለው» ይላል ጽሑፏ። «ለምን ገደለው? ልጁ እንዲያለቅስ። ልጁ አለቀሰ፣ አንባቢው አለቀሰ። ልጅቷ ግን ምን እንደሚፈልግ አንድ ቀን አልተጠየቀም። እኔ ይህን ልጅ መጠየቅ እፈልጋለሁ።»

«እንዳስተካክልልሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሴቱና ወንዱ ተቀላቅሏል።»

ትንሽ አሰበች። «አይ። አንተ ካስተካከልክ አንተ ነህ የጻፍከው።»

እንዳለ ላክነው፤ ባለቤቱም እንዳለ አወጣው። የመጣውን አስተያየት አብረን ነው ያነበብነው። «ልጅቷ ወንድ ናት እንዴ?» ይላል አንዱ፤ ከጎኑ የሚስቁ ፊቶች ደርድሯል። «መጀመሪያ አማርኛ፣ ከዚያ ትችት» ይላል ሌላው። የጻፈችውን ቁም ነገር ያነሳ ሰው ለማግኘት ብዙ መውረድ ነበረብን። ጓደኛዬ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ወንበሩን ሳብ አድርጋ በአንድ ጣቷ እየለቀመች መልስ ጻፈች፦ «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዬ ነው። የአንተ ሁለተኛ የትኛው ነው?» ሰውየው አልመለሰም።

ከዚያ በኋላ መጻፍ አላቆመችም። እየቆየ የሷን ጽሑፍ የሚጠብቁ ሰዎች ተገኙ። የሚስቁትም አልጠፉም። በወጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚስቁትን፣ ቀጥሎ የሚያመሰግኑትን ታነብና፣ «ዛሬ ሳቁ ያንሳል» ትለኛለች። ስቃ ነው የምትለው፤ ግን የሚስቁትን አንድም ሳታስቀር ነበር የምታነባቸው።

ከዚያ አገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ የመተከል ወሬ መጣ፤ ፓዌ ያሉ የአባቴ ዘመዶች ስልክ አልነሳ አለ። ቀጥሎ በወለጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ይዘጋ ጀመር። አንድ ሰሞን በአጀብ ይኬዳል፣ አንድ ሰሞን ጭራሽ አይኬድም። ኢንተርኔቱም ይጠፋል። መጽሐፍ ሻጩ ሸራው ላይ ቀበቶ ብቻ ቀረው።

ጓደኛዬ የታመመችው በዚህ መሃል ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል፤ ቀጥሎ እግሯ። ሆስፒታል ኩላሊቷ መሆኑ ተነገራት፤ እዚህ ያለው ሕክምና እንደማይበቃና አዲስ አበባ መሄድ እንዳለባት ጻፉላት። ወንድሟ ይዟት በአውቶብስ ወጡ። ባምባሲን አልፈው ብዙም ሳይርቁ መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ወደፊት የሚያስኬድ የለም ተባለ። መኪና ውስጥ አድረው፣ ውለው፣ ደግመው አድረው ተመለሱ። ስትወርድ እግሯ ጫማ አልገባ ብሎ በካልሲ ነበር የቆመችው። ከዚያ በአውሮፕላን እንድትሄድ ወረፋ ተያዘላት። የከተማው በሽተኛ ሁሉ ያንኑ ወረፋ ይዞ ነበር።

ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አነብላት ጀመር። ዓይኗ ፊደል አልለይ ብሏት ነበር። የምትመርጠው እሷ ናት፤ ያው የጋብቻና የጠብ ታሪክ። አንድ ቀን በታሪኩ ውስጥ ያለችው አማት ታመመች።

«ዝለለው» አለችኝ።

«ትድናለች እኮ፤ አንብቤዋለሁ።»

«ብትድንም ዝለለው። ሠርጉ ጋ ሂድ።»

ሠርጉን አነበብኩላት። የድግሱ ዝርዝር ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ማስመለስ ጀመራት። እኔ በዚያ ሁሉ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስመልስ በሽተኛ አንብቤ አላውቅም። ቆዳዋን እስኪደማ ታከዋለች፤ እስትንፋሷ ሽንት ሽንት ይላል። ቤቱ ውስጥ ማንም የሚያምር ነገር አልተናገረም። እናቷ ጨርቅ ታጥባለች፣ ወንድሟ ስለ ወረፋው ስልክ ይደውላል፣ አባቷ በር ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ለመጨረሻ ጊዜ የነገረችኝ ነገር፣ «ባልዲ አምጣ» የሚል ነው። አመጣሁላት። በማግስቱ ከሥራ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወረፋው አልደረሰም ነበር።

ወንዶቹ ያንኑ ቀን ሳይመሽ ሊቀብሯት ይዘዋት ሄዱ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ። ማልቀስ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ግን የእናቷን ጉልበት ይዤ ብቻ ተቀመጥኩ።

ኢንተርኔት የተመለሰው ከቆየ በኋላ ነው። ብሎጉን ስከፍት በመጨረሻው ጽሑፏ ሥር አንዲት ሴት፣ «እህቴ፣ ጠፋሽብን፤ ቀጣዩን መቼ ትጽፊልናለሽ?» ብላ ጠይቃለች። ማረፏን ጻፍኩ። በሰዓታት ውስጥ ገጹ በሐዘን ቃል ተሞላ። ኮከብ ሆነሽ አብሪልን ያሏት አሉ። ሳትፈካ የረገፈች አበባ ያሏት አሉ። ድሮ ቢሆን አንዱን እንኳ ሳልጠራጠር አብሬያቸው አለቅስ ነበር፤ ከነዚያ መጻሕፍት የለመድኩት ቋንቋ ነው። አሁን ግን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ገጹን ዘጋሁት። ልጅቷ ሐኪም ጋ የሚያደርስ መንገድ አጥታ ነው የሞተችው። አበባ የሚለውን ብታየው ምን እንደምትል አውቃለሁ።

የብሎጉ ባለቤት ደወለልኝ። ድምፁ ከልብ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው። ምርጥ ጽሑፎችን አሰባስቦ መጽሐፍ ሊያሳትም እንደሆነ፣ የሷም እንደሚገባ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ሰዋስዉን ግን በጥቂቱ እናስተካክልላታለን» አለ።

«አይሆንም፤ እንዳለ ይውጣ» አልኩት።

«ለክብሯ ስል ነው እኮ። መጽሐፍ ሆኖ ሲታተም ሰው እንዲስቅባት አልፈልግም።»

«ሰው የሳቀባት በሕይወት እያለች ነው። መልስም ሰጥታለች። አሁን ልትመልስ አትችልም።»

«አስብበታለሁ» አለኝና ስለ መጨረሻ ቀኖቿ ትንሽ እንድጽፍለት ጠየቀኝ፤ አንባቢ ልብ የሚነካ ነገር ይወዳል ብሎ። ባልዲውን ነው የማስታውሰው ልለው አልቻልኩም። አልጻፍኩለትም።

መጽሐፉ ታትሞ አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲመለስ አመጣልኝ። የሷን ገጽ ፈለግኩ። ሁሉም ተስተካክሏል። ልጅቷ «ተገድላለች»፣ «ፍላጎቷም አልተጠየቀም»። እንከን የለውም። ማንም ሊጽፈው የሚችል ነገር ነበር።

አባቷ መጽሐፍ መውጣቱን ሰምተው ላኩብኝ። ግቢያቸው ማንጎ ሥር ተቀምጠው ጠበቁኝ። «አንብብልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከሩቅ የሚጠራውን ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነው ሰሙ።

«ልጄ እንዲህ አይናገርም» አሉኝ።

«አዎ አባባ። አስተካክለውት ነው።»

«ለምን? ምን ሆኖ ነበር?»

ስልኬን አውጥቼ ዋናውን ፈለግኩ፤ ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ቆይቶ ተከፈተ። እሷ በጻፈችው አነበብኩላቸው። «ለምን ገደለው?» የሚለው ላይ ስደርስ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ «እሱ ነው፣ እሱ ነው» እያሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማሽላው አዙረው በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ። ለኔ አልነበረም፤ ምን እንዳሉም አልጠየቅኳቸውም።

የብሎጉ ባለቤት አገር ለቆ ሄደ መሰለኝ፣ አሁን እዚያ ማንም አይጽፍም። እኔ ማንበብ አልተውኩም። ግን መጽሐፍ ሳነሳ መጀመሪያ መጨረሻውን እገልጣለሁ። ልጅቷ በሚያምር ቃል የምትሞት ከሆነ ያነሳሁበት እመልሰዋለሁ። የሚተርፈኝ መጽሐፍ ብዙ አይደለም።