ሐሙስ የሞተው አጎት

አጵሎስ አጎቱን የገደለው ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣ ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ነው። በስልክ። አትደንግጡ፤ አጎትየው ዳና በዚያች ሰዓት ሶዶ አጠገብ ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብሎ እንሰቱን እየኮተኮተ ነበር፤ መሞቱን የነገረው የለም። አጵሎስ ግን ለአለቃው ለኦቦ ቢቂላ ደውሎ፣ ድምፁን ሰበር አድርጎ፣ «ኦቦ፣ አጎቴ ዳና ሞተብኝ» አላቸው። ከጎኑ የተቀመጠች ሴትዮ ሰምታ «እግዜር ያጽናህ ልጄ» አለችው። እሱም «አሜን» አለ። ጉድ እኮ ነው።

አጵሎስ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሶዶ ሲመጣ ሰበታ ፋብሪካ ሊገባ ነበር፤ ገብቶም ነበር፤ ሰባት ወር ማሽን ሲጮህበት ከርሞ «ጆሮዬን ላትርፍ» ብሎ ወጣ። ከዚያ ነው ኦቦ ቢቂላ እጅ የገባው። ኦቦ ቢቂላ የቡራዩ ሰው ናቸው፤ ስድሳን አልፈዋል፤ ሴራሚክ ማንጠፍ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። በቡራዩም በሱሉልታም የእሳቸውን ወለል ሳይረግጥ ያደገ ልጅ የለም ቢባል ማጋነን ነው፤ ግን ብዙም ማጋነን አይደለም።

የሰውዬው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሌላው ሲሚንቶ አቡክቶ ሲጣደፍ፣ እሳቸው ሴራሚኩን መጀመሪያ በደረቁ ይደረድሩታል። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። ያነሡታል፣ ያዞሩታል፣ እንደገና ይደረድሩታል። ክፍል መቼም ልክ አይመጣም፤ የሆነ ቦታ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ መግባቱ አይቀርም። ጥያቄው የት ይግባ ነው። «ወለል የሚታየው ከበር ነው፣ ኢልመ ኮ» ይሉታል። ኢልመ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ አጵሎስን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ቁራጩ ከበሩ ጀርባ፣ ከአልጋው ሥር፣ ብቻ የእንግዳ ዓይን የማያርፍበት ቦታ መግባት አለበት። ሲጨርሱ ደግሞ እያንዳንዱን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ሥሩ ባዶ የቀረው በድምፁ ይታወቃል። ዓይናቸው እየደከመ ከመጣ ወዲህ መቁረጡ የአጵሎስ ሆኗል፤ ከእሱ በቀር መቁረጫውን ማንንም አያስነኩም።

አጵሎስ ደግሞ ሌላ አመል አለበት። አሮጌ ላፕቶፕ ገዝቶ፣ ከኢንተርኔት ትንሽ ትንሽ እየለቀመ፣ ጌም መሥራት ተምሯል። ከቸርቻቸው መዘምራን አንዷ የሆነችው ሩታ ሥዕሉንና ድምፁን ታግዘዋለች። በኅዳር ጌም ጃም የሚሉት ነገር መጣ፦ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ማታ፣ የዓለም የጌም ሰው ሁሉ በየቤቱ ተቀምጦ፣ ከዜሮ ተነሥቶ አንድ ጌም የሚሠራበት ውድድር። አጵሎስ ሐሳቡን ካገኘው ቆይቷል። ባዶ ክፍል፣ አንድ በር፣ ጥቂት ሴራሚክ። በጣትህ እየጎተትክ ትደረድራለህ፤ ቁራጩ ከበር የማይታይበት ቦታ ሲገባ፣ በበሩ ብርሃን ገብቶ ወለሉ ላይ ይተኛል። በቃ። ሰዓት አይቆጥርም፣ ነጥብ የለውም፣ ተሸነፍክ የሚል የለም። ሰው ከሥራ ደክሞት ሲገባ ልቡን የሚያሳርፍበት ነገር ነው። ክፍሎቹ ሁሉ ኦቦ ቢቂላ ያነጠፏቸው እውነተኛ ክፍሎች ናቸው፤ ድምፁም የእሳቸው አንጓ ነው፤ ሳያውቁ በስልኩ ቀድቶባቸዋል። ሲያልቅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማቸውን ጽፎ ሊያሳያቸው ነበር። ከውድድሩም ከምኑም ይልቅ የጓጓው ለዚያች ቀን ነው።

ችግሩ ሱሉልታ ነበረች። አንድ ነጋዴ አዲስ ቤቱን እሑድ ሊያስመርቅ ሰው ጠርቷል፤ ሳሎኑ ገና ነው፤ ኦቦ ቢቂላም «ቅዳሜ ማታ ትረከባለህ» ብለው ቃል ሰጥተዋል። እንግዲህ አጵሎስ ምን ይበል? ጌም ልሠራ ነው ይበል? ለኦቦ ቢቂላ ጌም ማለት ሥራ ፈት ጎረምሳ የሚውልበት ቤት ነው። ይሥቁብኛል አለ፣ ይቆጡኛል አለ፣ አይገባቸውም አለ። አልጠየቃቸውም። ሳይጠይቃቸው መልሱን ራሱ ሰጠላቸው፤ እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚቆጨውም ይኸው ነው።

አገራችን ውስጥ ማንም የማይከራከረው ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ለቅሶ። ብልጥ ነኝ ባዩ አጵሎስ ግን አሰበበት። «ሶዶ ልሄድ ነው» ቢላቸው መኪና ሊያፈላልጉለት፣ መሳፈሪያ ሊያዋጡለት ነው፤ ያን ያህል ደግሞ ሊበላቸው አልፈለገም። ስለዚህ «ቀብሩ አልፏል ኦቦ፣ መርዶ ነው የሰማሁት፤ ቤቴ ልቀመጥ» አላቸው። እንዴት ያለ ሞኝነት ነው። የሄደውን ሰው ማንም አይከተለውም፤ የተቀመጠውን ግን ለቅሶ ይደርሱታል። ይህ ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም፤ አጵሎስም ያውቀዋል። ልቡ ጌሙ ላይ ስለነበረ ጠፋበት።

ሩታ ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። «በሕይወት ያለን ሰው? ምን ነካህ? በአፍህ ሞት አትጥራ።»

«ሦስት ቀን ነው እኮ ሩትዬ። ከዚያ ማን ያስታውሰዋል?»

«እኔ አስታውሰዋለኋ» አለችው። ቢሆንም ሥራው ጣፍጧት ስለነበር ጥላው አልሄደችም።

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፁ ሠራ። ሩታ ሴራሚኩን በጣቷ ስትነካው የኦቦ ቢቂላ አንጓ ላፕቶፑ ውስጥ «ጧ» አለ፤ ሁለቱም ከትከት ብለው ሳቁ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ከላፕቶፑ የመጣ መስሏቸው እንደገና ሳቁ።

አጵሎስ ሲከፍት ኦቦ ቢቂላ ቆመዋል። ሱሪያቸው ሲሚንቶ እንደነካው ነው፤ ከላይ ግን ጥቁር ኮታቸውን ደርበዋል። ብብታቸው ሥር ሚስታቸው ቡራዩ ጋግረው የላኩት ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። ከሱሉልታ ተነሥተው፣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው፣ ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ የመጨረሻዋን በባጃጅ ነው የደረሱት። ሳቁን ሰምተው እንደሆነ አጵሎስ ፊታቸው ላይ ፈለገ፤ ምንም አላገኘም።

«ኢልመ ኮ» ብለው አንገቱን አቀፉት። «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ። እግዜር ያጽናህ። አንተ ብቻህን ተቀምጠህ እኔ ሥራ ላይ መዋል አልሆነልኝም።»

«ኦቦ፣ ሳሎኑስ?»

«ሳሎን የትም አይሄድም። ለባለቤቱ ለቅሶ አለብኝ ብዬዋለሁ።»

ገብተው ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሩታ ቶሎ ብላ ሻርፗን ጭንቅላቷ ላይ ጣል አደረገች፤ ላፕቶፑን ወደ ጥግ ገፋችው፤ መዝጋቱን ግን ረሳችው። ሽማግሌው «ዳና ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ይጠየቃል፤ ሐዘንተኛው እያወራ ይወጣለት ዘንድ።

አጵሎስም አወራ። አባቱ ሲሞት ስድስት ዓመቱ እንደነበረ፣ ዳና ከራሱ ልጆች ሳይለይ እንዳሳደገው፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ትምህርት ቤት ያሻግረው እንደነበር፣ ወደ ሰበታ ሲመጣ ያለችውን አንድ ጃኬት አውልቆ እንደሰጠው። «ነበር፣ ነበር» ሲል ምላሱ ከበደው። በቁሙ እየቀበረው መሆኑ ያን ጊዜ ገባው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ኦቦ ቢቂላ ሲሚንቶ በነካ እጃቸው ጀርባውን አሹት።

ያን ጊዜ ስልኩ ጠራ።

ዳና ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጣ ይደውላል፤ ኔትወርክ የሚያገኘው እዚያ ነው። ስልኩ የተቀመጠው ኦቦ ቢቂላ ጉልበት አጠገብ ነበር። «አጎቴ ዳና» ይላል፣ በትልቁ፤ ከሥሩ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፎቶ አለ። ሽማግሌው አዩት። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። እንደገና ጠራ።

«አንሣው» አሉ ኦቦ ቢቂላ።

አጵሎስ ሩታን አየ።

«አንሣው እንጂ። ሰው የሚያናግሩት በሕይወት ሳለ ነው።»

አነሣው። ዳና ገበያ መሐል ስለሆነ ይጮኻል፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «አጵሎሴ፣ ምነው ሳታነሣ ቆየህ? ደኅና ነህ ወይ? ለገና ትመጣለህ አይደል?» አጵሎስ «እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ኦቦ ቢቂላ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። ጥግ ላይ የበራውን ላፕቶፕ ትክ ብለው አዩትና ሩታን «እስኪ አምጪው» አሏት። ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱ። «ይቺ የቡራዩዋ የወይዘሮ የሺወርቅ መኝታ ቤት አይደለችም?» ሩታ እንዴት እንደሚጎተት አሳየቻቸው። አንዱን ሴራሚክ ነኩት፤ የገዛ አንጓቸው መልሶ ተሰማቸው። ቁራጩን ቀስ አድርገው ወስደው ከበሩ ጀርባ አስገቡት። ብርሃኑ ገባ። ጥቂት አዩትና ጣታቸውን አነሡ።

«ለዚህ ነው?»

«አዎ ኦቦ።»

«ብትነግረኝ እለቅህ ነበር» አሉ። «ሌላ ቆራጭ እፈልግ ነበር። አንተ ያልከኝን አንድም ቀን እምቢ ብዬህ አውቃለሁ?»

አያውቁም። ኦቦ ቢቂላ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ዳቦውን ብሉት» አሉ። «ለለቅሶ ቢጋገርም ዳቦ ነው። ደኅና ዋል፣ አጵሎስ።» በስሙ ሲጠሩት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ሱሉልታ ሲመለሱ ነጋዴው አልጠበቃቸውም፤ ሌሎች ሰዎች አስገብቶ ሳሎኑን አስጨርሶታል። በማግስቱ እንግዳው ሲገባ ቁራጮቹ በሩ ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀበሉት። «ቢቂላ አረጀ፣ ሥራ ጥሎ ይሄድ ጀመር» ተባለ። በሠላሳ ዓመት ያልተባሉትን ተባሉ። ለማንም ግን ምክንያቱን አልተናገሩም፤ የአጵሎስን ውሸት በሆዳቸው ይዘው ቀሩ።

ጌሙ ሰኞ አለቀ። አጵሎስ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «አሠራሩን ያስተማረኝ ኦቦ ቢቂላ» ብሎ ጻፈ፤ መሳለቅ መሰለውና አጠፋው። ከአራት መቶ ጌሞች ዐሥራ አንደኛ ወጣ። አንድ የማያውቀው ብራዚላዊ «እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ይህን እየነካካሁ ነው የተረጋጋሁት» ብሎ ጻፈለት። አጵሎስ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሊነግረው የሚፈልገው ሰው አንድ ነበር፤ ያም ሰው ለሥራ አልጠራውም።

ሩታ «ሽማግሌ ላክባቸው፤ ይቅር ይሉሃል» እያለች ነዘነዘችው። አጵሎስ ነገ ዛሬ ሲል ገና አለፈ፤ ጥምቀት አለፈ። ሶዶም አልሄደም፤ ዳናን ምን ዓይኑ ይየው? አንድ ቀን ቡራዩ ሲሚንቶ መሸጫ በር ላይ ከኦቦ ቢቂላ ጋር ተገጣጠሙ። በደንብ ሰላም አሉት፣ ስለ ጤናው ጠየቁት፣ «ቂም የለኝም» አሉት። «ና» ግን አላሉትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሚያዝያ ላይ ከሶዶ ስልክ ተደወለ። ዳና በሦስት ቀን ሕመም ሐሙስ ጠዋት አርፏል። አጵሎስ ሄዶ አፈር አለበሰው፤ ትከሻው ላይ ያሻገረውን ሰው። በአፌ ጠራሁት የሚለው ሐሳብ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀውም፤ ሩታ እንዲያ አይደለም ብትለውም አላመናትም። ሰበታ ሲመለስ ጎረቤት ፍራሽ አንጥፎ ጠበቀው። ተቀመጠ። በሁለተኛው ቀን ስልኩን አንሥቶ ደወለ።

«ኦቦ» አለ። ሌላ ቃል ፈለገ፤ የለም። ያው የኅዳሩ ቃል ነው ያለው። «አጎቴ ዳና ሞተብኝ።»

ከወዲያ አንጓ ሴራሚክ ሲያንኳኳ ይሰማ ነበር። ቆመ።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

ኦቦ ቢቂላ ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር። «ለዳና አልቅሰንለታል እኮ፣ አጵሎስ። አሁን ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?»

እውነቴን ነው ሊላቸው አሰበ። ያኔም ቢጠየቅ ይህንኑ ይል ነበር።

«ምንም፣ ኦቦ» አለ።

«ሥራ ካለህ ሂድና ሥራ። እኔን ማስፈቀድ አያስፈልግህም» ብለው ዘጉት።

ሦስተኛውን ቀንም ተቀመጠ። ጎረቤት መጣ፣ የቸርች ሰው መጣ፣ ሩታ ሻይ ስታመላልስ ዋለች። አጵሎስ በሩን ገርበብ አድርጎ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር፤ ውጭ ባጃጅ በቆመ ቁጥር ቀና ይላል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሩታ ብርድ ገባ ብላ ልትዘጋው ተነሣች፤ «ትንሽ ይቆይ» አላት።