የግራው ማንኪያ

«ጎዝ አምጪ» አለች ዶክተር ሙሉእመቤት፣ ቀና ሳትል።

የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ ከሚስበው ፎርሴፕስ የግራውን ማንኪያ በጆሮው አጠገብ አስገብታ ቀኙን ልታስከትል ነበር። ዶክተር ምሕሪት አጠገቧ ቆማ እጇን ትከታተላለች።

«ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ዶክተር።»

«ከስቶር አምጪ።»

ምሕሪት የቁስል ጨርቁን ይዛ ከስቶር ስትመለስ ሕፃኑ ተወልዶ እያለቀሰ ነበር። ፎርሴፕስ ሲያዝ ከክፍል ስትላክ ይህ ስድስተኛ ጊዜዋ ነው።

ሙሉእመቤት ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ፎርሴፕስ የተማረችው ጎንደር ነው። ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ለአሥራ አንድ ዓመት ብቸኛዋ አዋላጅ ሐኪም ነበረች። ኤርትራዊቷ ምሕሪት ከሁለት ዓመት በፊት መጣች። ዕድሜዋ ሠላሳ ሦስት፣ ትምህርቷ እዚያው ካምፓላ፣ የለመደችው ቫኪውም ነው። ቫኪውም የሕፃኑ አናት ላይ የሚለጠፍ ኩባያ መሰል ነገር ነው፤ አየሩ ተመጥጦ ይይዛል፣ ሐኪሟ ከምጡ ጋር ትስበዋለች። እናትን ብዙም አይጎዳም። ፎርሴፕስ ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ሐበሻ የሚበዛበት የካንሳንጋ ሰፈር ነፍሰ ጡሮች ሲደውሉ «ምሕሪት ተረኛ ናት?» ማለት ጀመሩ። አንድ የፖርት ቤል ዓሣ አጥማጅ ሚስቱ በሰላም ስትገላገል ቲላፒያ ዓሣና አንድ ዘለላ ማቶኬ፣ የሚቀቀል አረንጓዴ ሙዝ፣ በምሕሪት ስም መዝገብ ክፍል አስቀመጠ። ሙሉእመቤት ሦስት ቀን ሙሉ ዘለላውን ተሻግራ አለፈች። ነርሷ ራሂማ አይታታለች።

«ለእርስዎም ልቁረጥ፣ ዶክተር?»

«ማቶኬ ይነፋኛል።»

የምትወደው ምግብ ነበር።

ምሕሪት የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ፎርሴፕስ። ሙሉእመቤት እሱን ይዛ ቆየች።

ግንቦት ላይ ከቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ጄሶ ታስሮላት በማግስቱ ሥራ ገባች። ቤቷ ብትተኛ ክሊኒኩ የምሕሪት ይሆናል ብላ ፈራች።

በሁለተኛው ሳምንት ሮሃ የምትባል የአየር መንገድ ትኬት ሠራተኛ በሠላሳ ሦስት ሳምንቷ ምጥ ይዟት መጣች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሕፃኑ ጭንቅላት መውጫው ላይ ደርሶ ቆመ። የልብ ምቱ ወደ ሰማንያ ወረደ፣ አልተመለሰም። ለቀዶ ጥገና ጊዜ አልነበረም።

ተረኛዋ ምሕሪት ነበረች። ቫኪውሙ ያለበትን ትሪ ተመለከተች።

ሙሉእመቤት ግድግዳውን ተደግፋ አየቻት። ጊዜው ያልደረሰ ሕፃን ጭንቅላት ላይ ቫኪውም አይለጠፍም፤ ውስጥ ሊደማ ይችላል። ዝም ብትል ጥፋቱ የሚጻፈው በተረኛዋ ስም ነው። ከዚያ በኋላ የካንሳንጋ ሴቶች በስልክ የሚጠይቁት ሌላ ስም ይሆናል። ሦስት ትንፋሽ ያህል ዝም አለች። ይህን በኋላ የነገረችው ለራሂማ ብቻ ነው።

«ሠላሳ ሦስት ሳምንት ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ፎርሴፕሱን አንሺ።»

«አልችልበትም።» ምሕሪት ዞራ አየቻት። «ስድስት ጊዜ ጎዝ አስመጥተውኛል፣ ዶክተር።»

ራሂማ የሕፃኑን የልብ ምት መቁጠሯን አላቋረጠችም። «ሰባ።»

ሙሉእመቤት ግራ እጇን ዘረጋች። «ጓንት አልብሺኝ፣ ራሂማ።»

የግራው ማንኪያ በግራ እጅ ነው የሚያዘው፤ እሱን ራሷ ያዘች። ውስጥ ገብቶ መንገዱን የሚጠብቀው ግን የምሕሪት እጅ ነበር።

«የቀኙን አንቺ። ጣትሽን ተከትሎ ይንሸራተት፣ አትግፊው።»

«ገባ።»

«አጋጥሚያቸው። አልገጥም ካለ ቦታውን ስተናል፣ እናወጣዋለን።»

ሁለቱ እጀታዎች ያለ ጉልበት ገጠሙ።

«ማናችሁ ናችሁ የምታዋልዱኝ?» አለች ሮሃ።

«ሁለታችንም» አለች ምሕሪት።

«ወሬውን ተዪና ግፊ» አለች ሙሉእመቤት። ወዲያው ወደ ምሕሪት ዞረች። «አሁን ምጥ መጣ። ወደ ታች ሳቢ። ቀስ። የጉድጓድ ውኃ ገመድ አይደለም። አሁን ወደ ላይ።»

ሁለተኛ ጊዜ ሲሳብ ሕፃኗ ወጣች። ሴት ናት፣ አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ግራም። ዘግይታ አለቀሰች። በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ የማንኪያው ቀይ ምልክት ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ጠፋ።

ሮሃ ልጇን ይዛ ቤቷ ስትገባ ሁለቱም ሐኪሞች ለገንፎ ተጠሩ። ሴቶቹ ሕፃኗን እየተቀባበሉ ጉንጯን አገላብጠው አዩ።

«የምሕሪትን እጅ ማርያም ትባርከው» አሉ።

«ዶክተር ናቸው ያስያዙኝ» አለች ምሕሪት።

«አይ ትሕትና» ብለው ሳቁባት።

ሙሉእመቤት ሳህኗን አስቀምጣ ውኃ ጠየቀች።

ጄሶው በሰባተኛው ሳምንት ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በክሊኒኩ አራት ሕፃናት በፎርሴፕስ ተወልደዋል። አራቱንም ያዋለደችው ምሕሪት ናት።