አውራ ጣቴና የመዳቡ ቧንቧ

ቅናት በጉብዝና ወራት ያምራል ይላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ጥርሶቼ ከተሰናበቱኝ በኋላ ነው፤ ያስቀናኝም አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ነው።

ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን የመታጠቢያው ቧንቧ መዳብ ነው። ልጃችን አዲስ አበባ ውስጥ ከፈረሰ ቤት ለቅሞ አምጥቶ ነው ያስገጠመልን። ሰፈሩ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ሲጠቀም እኛ በመዳብ በመታጠባችን ኮራን፤ እውነቱን ከተናገርሁ የኮራሁት እኔ ነኝ። ውሎ አድሮ ግን በየመጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት ይወጣ ጀመር። ባለቤቴ ደነገጠችና የቧንቧ ሠራተኛውን አስጠራችው።

ጎልማሳ ነው፤ ፀጉሩ ሙሉ። ጎንበስ ብሎ አየና የመዳብ ዝገት ስለሆነ እንዳንነካው፣ እሱ እየመጣ እንደሚያየው ነገረን። መጣም። ባለፈ ባገደመ ቁጥር ብቅ ይላል፤ አረንጓዴውን አንድ ጊዜ ገልመጥ ያደርግና መሶቡ ይቀርብለታል። እኔ "ስኳርዎን ያስቡ" እየተባልሁ የምከለከለው የቡሬ ማር ለእሱ በሳህን ይወጣል። ባለቤቴም ቀልዱን እየሰማች ትስቃለች፤ የእኔን ቀልድማ ስንት ዘመን ሰምታዋለች፣ አዲስ የለኝም። አንድ ቀን እሱን ሸኝታ ስትመለስ ሸጋ ሰው ነው አለችኝ። እኔን ሸጋ ያለችኝ በሠርጋችን ሰሞን ነው፤ ያውም እናቷ ጠይቀዋት።

አረንጓዴው ከጠፋ ሰውየውም ይጠፋል ብዬ ቆረጥሁ። በልጅነቴ ድቁና ሳገለግል፣ ጥምቀት ሲቃረብ የደብራችንን የመዳብ መስቀል የምወለውለው እኔ ነበርሁ። የተገመሰ ሎሚ አመድ እየነከሩ ክንድ እስኪዝል ማሸት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ባለቤቴ ገበያ ስትወጣ ሎሚና አመዴን ይዤ መታጠቢያው ቤት ገባሁ።

መጋጠሚያው ተራ በተራ እንደ ቀይ ወርቅ ወጣ። ደስ ብሎኝ ወረብ ሁሉ ማንጎራጎር ጀመርሁ። ቧንቧው በሚታጠፍበት የመጨረሻው ክርን ላይ ዝገቱ እንደ ቁስል ቅርፊት ወፍሮ ነበርና በጥፍሬ ፈነቀልሁት። ከሥሩ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤ ውኃው ቀጥታ ዓይኔን መታኝ። ለካ ቀዳዳውን ደፍኖልን የኖረው ያ ዝገት ነው። ሮጬ ወደ ቆጣሪው ብሄድ መዝጊያው አልዞር አለኝ። ተመልሼ አውራ ጣቴን ሰካሁበት።

ባለቤቴ ገበያ ውላ ስትገባ እንደቆምሁ አገኘችኝ። ጢሜ ላይ ያለውን አመድ አየች፤ እግሬ ሥር የተጨመቀውን ሎሚ አየች። ለሰውየው ደውይለት አልኋት። በስልክ ከተጠራ ይዘገያል፣ ራሴ ሄጄ ላምጣው አለች። እኔ ልሂድ፣ አንቺ ያዥው ብላት፣

"እርስዎ የያዙትን ይያዙ" አለችና ወደ ጓዳ ዘለቀች።

በሩ ክፍት ስለሆነ ይታየኛል። የገበያውን ነጠላ ጣለች፤ ለንግሥ የምታስቀምጠውን ባለ ጥለቱን ከሣጥን አወጣች፤ መስታወት ፊት ቆማ አጣፋችው።

"ለቧንቧ ሠራተኛ ነው ይኼ ሁሉ?"

"ለመንገዱ ነው። ጣትዎን እንዳያነሱ፣ ቤቱ ይጥለቀለቃል።"

ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም፤ ለእኔ ሁዳዴ ነው። በመጨረሻ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ የሁለት ሰው ሳቅ ቀድሞ ገባ። ሰውየው መሣሪያውን አስቀመጠና የሚያብረቀርቁትን መጋጠሚያዎች እየዳሰሰ ጨረሰ።

"ጋሼ፣ እንዲህ ከፈተጓቸው ሌሎቹም ያፈስሱ ይሆናል። ከእንግዲህ በየሳምንቱ እየመጣሁ ባያቸው ነው የሚሻለው።"

"ይምጣ እንጂ፣ ምን ገዶን" አለች ባለቤቴ።

ለመቃወም እጄን ማንሣት ነበረብኝ። እጄን ካነሣሁ ደግሞ ውኃው የሚሄደው ወደ ባለ ጥለቱ ነጠላ ነው። ስለዚህ አውራ ጣቴን ጠበቅ አድርጌ ሰካሁት።