አንድ ሹራብ በአንድ እጅ

የያዙኝ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰበታ ውስጥ ከወፍጮ ቤት ጀርባ በተከራየናት ክፍል ሹራብ እየሠራን ሳለ ነው። ስድስት ሴቶች ነበርን። አስተማሪዋ እኔ ነበርኩ፤ አስተማሪ ማለት ከእነሱ ትንሽ ቀድሜ የተማርኩ ማለት ነው። የገቡት የጸጥታ ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት የስብሰባውን ዓላማ ነበር። ስድስት ሴት ጭኗ ላይ ክር ይዛ ተቀምጣ እያዩ ምን ዓላማ ይጠየቃል? አንደኛው ከጠረጴዛው ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሹራብ አነሳ።

"ይሄ ቀለም ለማን ነው?"

"ለትምህርት ቤት። የተማሪ ዩኒፎርም ነው።"

"ጫካ ላሉት እንደምትሠሩ መረጃ አለን።"

እጅጌውን ዘርግቼ አሳየሁት፤ የሕፃን ክንድ እንኳ በግድ የሚገባበት ነው። "ጫካ ያሉት እንግዲህ አንደኛ ክፍል ናቸው?" አልኩት። ጓደኞቼ አፍሽ ነው የጎዳሽ ይሉኛል። አፌን ብይዝም ይወስዱኝ ነበር፤ መኪናው የመጣው ባዶውን ሊመለስ አልነበረም።

ቡራዩ ዳር፣ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ከተቱኝ። የማዳበሪያው ሽታ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ዓይን ያቃጥላል። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መነጋገር አይቻልም፤ ሲያባራ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ፣ ከወንዶቹ ክፍል፣ ሳል ይሰማል። ብዙ ሰው ያስል ነበር። አብረውን የታሰሩ አንዲት እናት ግን ከሁሉም መሃል አንዱን ሳል ለይተው ያውቁታል።

"እሱ ነው። ኢልመ ኮ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ፣ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው።

ከተጂ ከተማ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጃቸውን ከጓሮ በካናቴራ እንደቆመ ወስደውባቸው፣ ጋቢ ይዘው ቢከተሉት ጋቢውንም እሳቸውንም አስቀሯቸው። ጋቢው የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። እኛ እንደ አገሩ ወግ፣ እናት ለማለት፣ "አዴ" እንላቸው ነበር።

የለበስኩት ወፍራም ሹራብ ነበር። ለልጃቸው ልሰጥ አሰብኩ፤ ግን የሱ ትከሻ የት፣ የኔ ሹራብ የት። ስለዚህ ተረተርኩት። ክሩ እንዳያንስ ሌላ አንዲት እስረኛ የአንገት ልብሷን ጨመረችልን። ልሠራልዎት ስላቸው እምቢ አሉ። "አሳዪኝ። የምሠራለት እኔ ነኝ።"

የሹራብ ሽቦ ክልክል ነው። በር ላይ የምትቀመጠው ወጣት ፖሊስ "ክር ይሁን፣ ብረት ግን እንዳላይ" አለችን። ከማገዶው መሃል ሁለት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ስናነሳ ግን ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። ጭራሮዎቹን ሲሚንቶው ላይ ሞረድናቸው። የደረቱን ስፋት ስጠይቃቸው አዴ አየሩን አቅፈው "ይሄን ያህል ነው" አሉ፤ እኔም ክንዳቸው መሃል ገብቼ በስንዝር ለካሁ።

አረም ሲነቅል የኖረ እጃቸው ክሩን አንቆ ይይዘዋል።

"ላላ ያድርጉት አዴ፣ አያመልጥም።"

"ያመልጣል እንጂ! ያልያዝኩት ሁሉ አምልጦኛል።"

እኛ ሹራብ ሠሪዎች አንድ ሕግ አለን፤ አንድ ሹራብ በሁለት ሰው አይሠራም። የአንዷ እጅ ይጠብቃል፣ የሌላዋ ይላላል፣ ልብሱ ጠማማ ይወጣል። ይህን ገና ስንጀምር ነግሬያቸው ነበር። የልጁ ሳል እየባሰ ሲሄድ ግን ሕጉ ይቅርብኝ አልኩ።

"አዴ፣ እጅጌዎቹን ለእኛ ይስጡን። ተከፋፍለን ብንሠራው ቶሎ ይደርስለታል።"

"ጠማማ ይሆናል ብለሽ የለ?"

"ይሁን። ያሞቀዋል።"

"ያለበት አንሶት ደግሞ ጠማማ ላልብሰው?"

ጭራሮውን ከእጃቸው አላወጡም። ለምነን ለምነን ተውን።

አንድ ጠዋት ግድግዳው ማዶ ሌሎቹ ሲያስሉ የሳቸው ልጅ ዝም አለ። አዴ ሲያዳምጡ ቆይተው ፊታቸው በራ። "ተሽሎታል!" አሉ። ያን ቀን ረጋ ብለው ሠሩ፤ አንዲት የክር ዓይን አመለጠችኝ ብለው ሁለት ረድፍ ተርትረው እንደገና ሠሩት። እኔ ዝምታው ደስ አላለኝም። ግን ምን ብዬ ልናገር? ያን ቀን አፌን ያዝኩ።

በማግሥቱ ሹራቡ አለቀ። ወጣቷ ፖሊስ አደርስልዎታለሁ ብላ ይዛው ሄደች። ብዙም ሳትቆይ እንደታጠፈ ይዛው ተመለሰች።

"የለም፣ እማማ። ከትናንት ወዲያ ማታ ወስደውታል።"

"ወዴት?"

"አላውቅም።"

አለቃዋ ተከትሏት መጥቶ ኖሯል። ደልደል ያለ ሰው ነው። ሹራቡን ከእጇ ወስዶ ደረቱ ላይ ለካውና ሳቀ። "እንግዲህ ለእኔ ይሁን፣ እማማ። ልክ በእኔ ቁመት የተሠራ ነው።"

አዴ ተነሱ። አልነጠቁትም፤ ያበደሩትን ዕቃ እንደሚቀበል ሰው እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱት።

"አንተም እናት አለህ" አሉት። "እሷ ትሥራልህ።"

ሰውየው ወጣ። አዴ ሹራቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ትከሻውን፣ እጅጌውን፣ ጠርዙን ዳበሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጠማማ ነው?"

"አይደለም፣ አዴ። ቀጥ ያለ ነው።"

እውነቴን ነበር።

እኔም አዴም ክስ ሳይመሠረትብን ተፈታን። ልጁ ግን ይኸው እስከ ዛሬ የለም። አዴ ሰበታ ገበያ ሲመጡ እኛ ዘንድ ጎራ ብለው ወሬ ይጠይቃሉ፤ የምንነግራቸው የለንም። ክፍሏን እንደገና ከፍተናል። ሦስት ብቻ ነን፤ የቀሩትን ባሎቻቸው ከለከሏቸው። አልፈርድባቸውም፣ ግን ያናድደኛል።

በቅርቡ ያቺ ፖሊስ መጣች። ሥራውን ለቅቃለች። በፌስታል ክር ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

"ያኔ ሳያችሁ ያምረኝ ነበር። አስተምሪኝ" አለች።

ክፉ ሰው እንዳልነበረች አውቃለሁ። ቢሆንም አንጀቴ እምቢ አለኝ።

"የአዴን ልጅ የት እንደወሰዱት ጠይቀሽ ነይ" አልኳት።

"እኔ እኮ ተራ ሰው ነበርኩ። ለእኔ ማን ይነግረኛል?"

"እሳቸው በዚያ ዕድሜያቸው በየቢሮው ደጅ ይጠናሉ። አንቺ ቢያንስ ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ።"

ፌስታሏን ይዛ ወጣች። ጓደኞቼ ጨከንሽ አሉኝ። ይሆናል፤ ጨክኜ ይሆናል። ወንበር ግን አስቀምጬላታለሁ፤ አንድ ቃል እንኳ ይዛ ከመጣች አጠገቤ አስቀምጬ የማውቀውን ሁሉ አሳያታለሁ።

እስካሁን አልመጣችም።